መርከብ ላይ የተቀመጥኩት ለቅሶ

ሐያት፣ የምልሽን ጻፊ እንጂ አታሳምሪው። የእናትሽን ስም ዘለል ብታደርጊ ደግሞ፣ ማንበብ ባልችልም ፊትሽ ላይ አውቅብሻለሁ።

እንግዲህ ሰዎች፣ ፍረዱኝ። ባሕር ላይ ውሰዱኝ ብዬ የለመንኩት ሰው የለም። ውሃ ካማረኝ ሚኒሶታ ምን ጎደለኝ? ከቤታችን ወጥቼ አምስት ደቂቃ ስራመድ ሐይቅ አለ። ዳሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለው። ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ያየኛል፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እሱ እኔ ዘንድ አይመጣም፣ እኔም እሱ ዘንድ አልገባም። ብርድ ሲገባ ጭራሽ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ሰው መኪናውን ይነዳበታል። ጨዋ ውሃ ማለት እንዲህ ነው። ያደግሁትም ውሃ ዳር ነው፤ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ። አባቴ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ለነካው ልጅ እራት አይሰጥም ነበር። እኔ ባባቴ ቤት እራት ቀርቶብኝ አያውቅም።

ልጄ ዘይነብ፣ የዚች የምትጽፍልኝ እናት፣ ብሉሚንግተን ሆቴል ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ሻንጣ እየጎተተ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ስታይ ትውልና ማታ ዐይኗ ተለውጦ ትገባለች። አንድ ቀን መጣችና፣

"እማ፣ ክሩዝ እንሄዳለን" አለችኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መርከብ ላይ ትወጫለሽ፣ ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ ሜክሲኮን አይተሽ ትመለሻለሽ።"

"መብላትና መተኛት እዚህም አላቃተኝ። ሜክሲኮንም እዚሁ ሌክ ስትሪት፣ ሱቆቻቸው በተደረደሩበት አይቻታለሁ።"

"እማ በአላህ! አንድ ጊዜ እንኳ ሪላክስ በይ።"

ይችን ቃል ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። እኔ የደም ግፊቴ የሚወጣው ሪላክስ በይ ሲሉኝ ነው።

ያን ሰሞን ደግሞ ልቤ እዚህ አልነበረም። ሰይድ የሚባል አንድ ወንድም አለኝ፣ እዚያው ሐይቅ ነው ያለው። እናታችን ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ሰባ ሊደፍን ነው፤ እኔ ግን ጎንበስ ባልኩ ቁጥር አሁንም ጀርባዬ ላይ ያለ ይመስለኛል። እዚህ ሲነጋ ሱብሂ ሰግጄ ስነሳ እዚያ ምሳ ሰዓት አልፏል፤ በየቀኑ እደውልለታለሁ፣ ምሳውን በልቶ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ዐይኑን ሞራ ጋርዶት ከርሞ ነበርና ልጁ አሕመድ ደሴ ሐኪም ቤት ወስዶ ሊያስገፍፍለት ሆነ። ኦፕራሲዮን! ለዐይን ብቻ ነው ይላሉ። ሐኪም አንዴ ቢላዋ ካነሳ የት ላይ እንደሚያቆም ማን ያውቃል?

በኦፕራሲዮኑ ማግስት ብደውል አሕመድ አነሳው። "አባባ ተኝቷል" አለኝ። በነጋታው ብደውል፣ ተኝቷል። በሦስተኛው ቀን፣ ተኝቷል። ሰይድ በጠራራ ፀሐይ ተኝቶ አያውቅም! ልጅ ሆኖ እንኳ እሽሩሩ ስለው እኔ ነበርኩ የምተኛው።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ዘይነብ "ትኬቱን ቆርጫለሁ" አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ እብድ እመስላችኋለሁ። በሚኒያፖሊስም በሴንት ፖልም፣ አገር ቤት ሰው የሞተበት ያገሬ ልጅ ሲኖር፣ መርዶ ለመንገር ከሚጠሩት ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስልክ አንስቶ "እናትህ ሞተች" አይባልም፣ ነውር ነው። መጀመሪያ ባለጉዳዩ ፌስቡክ ላይ አይቶ እንዳይደነግጥ ስልኩ በዘዴ ይወሰድበታል። ዘመዶቹ ከሥራ ያስፈቅዳሉ። ለቅሶ በባዶ ሆድ አይቻልምና የሆነ ሰበብ ተፈጥሮ ደህና አድርጎ እንዲበላ ይደረጋል። ስኳር ወይ ግፊት ካለበት መድኃኒቱን መዋጡ ይጣራል። ከዚያ በማለዳ፣ ለሥራ ሳይወጣ፣ መኪናችንን ራቅ አድርገን አቁመን ሰብሰብ ብለን በሩን እናንኳኳለን። በሩ ሲከፈት ማንም ቃል አይተነፍስም። ሰውየው ደጁ ላይ ስንት ሰው እንደቆመ ሲያይ ራሱ ያውቀዋል። ይኼን ሁሉ ለልጆቼ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ይኼን ልብ በሉልኝ።

ለቅሶ ደግሞ ብድር ነው። ሐሊማ የምትባል የልጅነት ጎረቤቴ አለች፣ ከሰይድ ቤት ሁለት በር አልፎ። ለናቷም፣ ላባቷም፣ ለባሏም፣ ከዚህ ድረስ ደውዬ ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼላታለሁ። የባሏ ጊዜ ስልኩ ቢቆረጥብኝ መልሼ ደውዬ ከተውኩበት ነው የቀጠልኩት። ሐሊማን አትርሷት።

ወደ መርከቡ ልመለስ። የመጀመሪያው ምልክት ልጄ ከድር ነው። ከድር ፕሊማውዝ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እሱ ልጅ እንኳን ለሽርሽር፣ ለራሱ ሰርግም ያስፈቀደው ግማሽ ቀን ነው። አሁን ሳምንት ሙሉ ፈቃድ ወስዶ፣ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሶ ከች አለ። በልቤ ያዝኩት።

ወደ ፍሎሪዳ በረርን። መርከቡ ጋ ስንደርስ አንገቴን ቀና ባደርግ ባደርግ ጫፉ አይታይም፤ ከተማ ነው የሚያህለው። ከመሣፈራችን በፊት ዘይነብ እጇን ዘረጋች።

"እማ፣ ስልክሽን ስጪኝ።"

"ለምን?"

"ባሕር ላይ ኔትወርክ የለም። ብታበሪው የስልክ ቢሉ ይቆለልብናል።"

እኔስ ለስንቱ ሰው ነው "ስልክህን ስጠኝ፣ ቻርጅ ላድርግልህ" ያልኩት? "ቆይ፣ ለአሕመድ ልደውል" ብዬ እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ተኝቷል! "ሲነሳ በመርከብ ሄዳለች በለው" ብዬው ስልኬን አስረከብኩ። ከኔ ጎን ባለው የነሱ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ትንሽ የብረት ሣጥን አለች፤ እዚያ ከታ ቆለፈችበት። የመቆለፊያውን ቁጥር ከድርና እሷ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ሁለተኛ ምልክት።

ገና ዕቃችንን ሳናስቀምጥ ሳይረን ጮኸ። ሁላችንንም ነድተው አንድ ቦታ አቆሙንና ብርቱካናማ ሰደርያ አጠላለቅ ማሳየት ጀመሩ። ምንድን ነው ብላቸው "መርከቡ ቢሰምጥ ነው" አሉኝ። በዕድሜዬ ስንት ሰርግ፣ ስንት ድግስ ሄጃለሁ፤ እንግዳ ገና እግሩ ሲገባ ቤቱ ሲፈርስ በየት እንደሚወጣ የሚያስጠና ባለቤት አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ስመለስ አልጋዬ ላይ ዝንጀሮ ተቀምጧል። "ቢስሚላሂ!" ብዬ ጫማዬን ወረወርኩበት፤ ተበተነ። ለካ ፎጣ ነው። ጩኸቴን ሰምታ ክፍል የምታጸዳው ሴትዮ መጣች። ሲቲ ትባላለች፣ የኢንዶኔዥያ ሰው ናት፣ የኔን ሻርፕ ስታይ "አሰላሙ አለይኩም" አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። ቋንቋ የለንም፤ በሰላምታና በእጅ ነው የምንግባባው። በእጄ ዝንጀሮ አልፈልግም አልኳት። እሺ አለችኝ። በነጋታው ዝሆን ሠራችልኝ።

ምግቡ! ሥጋው ሐላል ስላልሆነ ዓሣ ብቻ ነው የምበላው አልኳቸው። ዓሣውን ጠብሰው አመጡ፣ ቀቅለው አመጡ፣ ሳያበስሉም አመጡ። ቁርስ በልቼ ስነሳ ዘይነብ "እማ፣ ትንሽ ፍራፍሬ" ትላለች። ከፍራፍሬው ስነሳ ከድር "እማ፣ አይስክሬም" ይላል። ከእራት በኋላ ደግሞ ሰው እየተነሳ እንደገና ይሰለፋል፤ ሲተኙም ትራሳቸው ላይ ቸኮላት ያገኛሉ። በመርዶ ሕግ ሰው አንዴ ነው የሚበላው። እኔን ሁለት ቀን ሙሉ አበሉኝ። ዓሣውን እያላመጥኩ፣ "ያረቢ፣ ለአንድ ሰው ሞት እንዲህ አያበሉም፣ ስንት ሰው ነው ያለቀው?" እላለሁ።

በዚያ ላይ ደግነታቸው። ዘይነብ እግሬን ቅባት ቀባችኝ። እግሬን! ከወለድኳት ጀምሮ እግሬን ያየችው ስትረግጠኝ ነው። ከድር በቀን ሁለት ጊዜ "እማ፣ የግፊት ክኒንሽን ወስደሻል?" ይለኛል። ቤት እያለን ክኒን መዋጤን የሚያውቀው ፋርማሲው ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መርከቡ መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ ሻዩ ብርጭቆው ውስጥ ሄድ መለስ አለ። ቀጥሎ ብርጭቆው ራሱ ሄደ። "ምን ሆኖ ነው?" ስለው ከድር "ኢንጅኑ ነው፣ እማ" ይለኛል። አሳንሰሩ አጠገብ የማስመለሻ ከረጢት እንደ ጌጥ ደረደሩ። ዋናተኛውን ሁሉ አስወጥተው መዋኛው ላይ መረብ ዘረጉበት፤ ውሃው እንዳያመልጥ ነው መሰል። ክፍሌ ውስጥ ቴሌቪዥን ልክፍት ስል ዘይነብ ተስፈንጥራ "ተበላሽቷል!" አለችኝ። ተመልከቱ፣ ስልኬ ተወስዷል፣ አሁን ቴሌቪዥኑ ተዘጋ።

ምሳ ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። አዳራሹ ውስጥ ሹካው ሁሉ ቆመ። አጠገባችን ያሉት ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያያዙ።

"ሐያት፣ ምን አለ?" አልኳት።

ይቺ ልጅ እናቷን አየች፣ አጎቷን አየች፣ ከዚያ "ቢንጎ አለ አለ" አለችኝ።

ጻፊ፣ ጻፊ! አንቺ ነሽ ያልሽው። ሰው ለቢንጎ፣ ለቁጥር ጨዋታ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛል?

ያን ቀን ከሰዓት ዘይነብና ከድር መተላለፊያው ላይ ሲንሾካሾኩ በር ሥር ቆሜ ሰማኋቸው።

"ዛሬ እንንገራት?"

"አይሆንም፣ ግፊቷ ይነሳል። ጠዋት ይሻላል። አብረን ሆነን።"

ጠዋት። አብረን ሆነን። በቃ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ሰይድ በሁለት ዓመቱ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ጉትቻዬን እየጎተተ ሲያስቸግረኝ አሰብኩ። አንድ ቀን ተበሳጭቼ ከጀርባዬ አውርጄ መሬት ላይ አስቀምጬው ነበር፣ ትንሽ ራቅ ብዬም ሄጄ ነበር፤ እየወደቀ እየተነሳ ተከተለኝ። ስልሳ ምናምን ዓመት ረስቼው የኖርኩትን አሁን መርከብ ላይ አስታወስኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ተኝቷል ሲሉኝ ቀስቅሱት አላልኩም።

ሲነጋ ሱብሂዬን ሰገድኩ። መርከቡ ስለሚያንገዳግደኝ ለሱጁድ ወለሉን ወርጄ አልነበረም የምደርስበት፣ ወለሉ ነበር ወደ ግንባሬ የሚመጣው። እንደጨረስኩ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ።

ሦስቱም ቆመዋል። ከድር ኮፍያውን አውልቆ ይዟል። የዘይነብ ዐይን ቀልቷል። ለካ ስታስመልስ አድራ ነው፣ እኔ ምን አውቄ። በአንድ እጇ ውሃ፣ በአንድ እጇ ክኒኔን ይዛለች። ሐያት ከኋላቸው ወለሉን ታያለች።

"እማ" አለች ዘይነብ፣ "እስቲ ቁጭ በይ።"

"ሰይዴ!" አልኩ። "ሰይዴ! ሰይዴን!"

ሸሆቹ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይፈቀድም ይላሉ። እኔም ለሌላው ሰው ሁልጊዜ እላለሁ። ሻርፔን ወገቤ ላይ አሰርኩና መተላለፊያው ላይ ወጣሁ። በግራም በቀኝም በር ተከፈተ። የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ግማሹ ያንን ብርቱካናማ ሰደርያ አጥልቋል፣ የመስመጫው ሰዓት የደረሰ መስሎታል። ሲቲ እየሮጠች መጣች፤ "ወንድሜን" ብዬ ደረቴን ስመታ ነገሩ ገባት፣ "ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለችና አቅፋኝ አለቀሰች። እዩት እንግዲህ፣ ልጆቼ ቆመው ያያሉ፣ የማታውቀኝ የኢንዶኔዥያ ሴት ለወንድሜ ታለቅስለታለች።

"እማ፣ ማንም አልሞተም!" ይላል ከድር።

"መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚባለው! እኔ ነኝ ያስተማርኩህ! ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ አሞት ነበር በለኝ!"

"ወላሂ ደህና ነው!"

"በስልክ አገናኘኝ!"

"አይሠራም፣ የመርከቡ ኢንተርኔት በስቶርሙ ተቋርጧል!"

"የምን ስቶርም?"

ከድርና ዘይነብ ተያዩ። ከዚያ ሐያት ከኋላ ሆና ፈነዳች፦ "ሃሪኬን ነው እማማ! ሃሪኬን! ሜክሲኮ ካንስል ሆኗል፣ የፍሎሪዳው ወደብም ተዘግቷል፣ ሁለት ቀን ባሕር ላይ እንቆያለን! ልንነግርሽ የመጣነው እሱን ነው! ቢንጎ ያልኩሽ እሱን ነው!"

ትንሽ አሰብኩ። በዕድሜዬ ለመርዶ ብዙ ሰበብ ሲፈጠር አይቻለሁ፤ ሰው ማዕበል ሲያስነሳ ግን አይቼ አላውቅም። አላመንኳቸውም።

ፍራሼን አውርጄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶዬን ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር አልጋው ላይ ብሆን መውደቅም ነበረ፣ ወለሉ ይሻል ነበር።

የመርከቡ ሐኪም መጥቶ ግፊቴን ለካ። ቁጥሩን አይቶ ደግሞ ለካ። ከዚያ ልጆቼን በዐይኑ ገረፋቸው፤ ደስ አለኝ። ከፊት ለፊታችን ያለው ክፍል አንዲት የዊስኮንሲን አሮጊት አሉ፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ። እንደነሱ ወግ ለሐዘንተኛ የሆነ የምጣድ ምግብ ጋግሮ መሄድ ነበረባቸው፣ መርከብ ላይ ወጥ ቤት የት ያምጡ? ሦስት ቀን ትራሳቸው ላይ የተቀመጠላቸውን ቸኮላት አጠራቅመው በሳህን ይዘውልኝ መጡ። እሳቸውም ወለሉ ላይ ልቀመጥ ብለው ሊነሱ አልቻሉም፤ ከድርና ሐኪሙ ናቸው ያነሷቸው። ሐያትን "ተርጉሚ" ብዬ ስለ ሰይድ ነገርኳቸው፣ ስለ ጉትቻውም፣ መሬት ላይ ስላስቀመጥኩትም። ሐያት "እማማ፣ እሱ እኮ አልሞተም" እያለች ነው የምትተረጉመው። አሮጊቷ አለቀሱ። እሳቸውም ታናሽ ወንድም እንዳላቸው፣ ከተጣሉ ብዙ ዓመት እንደሆነ ነገሩኝ። "ይደውሉለት" አልኳቸው። "ኢንተርኔት የለም" አሉኝ። እሳቸውንም አታለዋቸዋል አልኩ።

ሲቲ ከሥራ እረፍት ስትወጣ ሁለት ያገሯን ሴቶች አስከትላ መጣችና ቁርኣን ከፍተው ያሲን ቀሩልኝ። አንድ ሰውዬ በራችን ላይ ሰው ቆሞ ሲያይ የሚበላ ያለ መስሎት ከኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ አፈረ፣ እጄን ጨብጦ ሄደ። ሲቲ ለሐዘን የሚሆን እንስሳ ጨንቋት መሰለኝ፣ ማታ አንገቱን የደፋ ዳክዬ ሠርታ አስቀመጠችልኝ። ይኼኛውን አልበተንኩትም።

ከበላያችን ደግሞ ዳንኪራው! መርከቡ ባንድ ጎኑ ተኝቶ፣ ዕቃ እየተንኮታኮተ፣ ሰው እያስመለሰ፣ እነሱ ከበሮ ይመታሉ። ሐዘን ቤት አለ ብላችሁ ንገሩልኝ ብል ከድር ፊቱን ሸፈነ። ያፍርብኛል። አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሶ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ እሱ፣ በኔ ያፍራል!

ስድስተኛው ቀን ላይ ነፋሱ በረደ፣ ወደቡም ተከፈተ። ሻንጣችንን ይዘን ከመርከቡ ወረድን። ሲቲን ሳምኳት፤ የዊስኮንሲኗን ሴትዮ ሳምኳቸው። ሕንፃው ውስጥ እንደገባን "ስልኬን" አልኩ። ዘይነብ አበራችው። እጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አላቆም አለ። አየችው፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ምንድን ነው?"

"አሕመድ... አርባ ሦስት ጊዜ ደውሏል።"

ከድር ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ። ሐያት እጄን ያዘች። አያችሁ? አሁን እነሱም አመኑ። አላልኳችሁም ወይ ብዬ ልጮህ ፈልጌ፣ የሐያትን እጅ አጥብቄ ያዝኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ያለቀስኩበትን ለካ ግማሹን እንኳ አላመንኩም ነበር።

"ደውዪ" አልኳት።

ጠራ። ተነሳ። ከኋላ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል፤ የአገሬ ለቅሶ፣ መች ይጠፋኛል።

"አሕመድ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "አትደብቀኝ የኔ ልጅ። አባትህ መቼ ነው የሞተው?"

"አክስቴ?" አለ። "አንቺ ነሽ?" ከዚያ ስልኩ ሲወድቅ ሰማሁ። ሁካታ ሆነ፣ አንድ ነገር ተሰበረ፣ "ስጠኝ! ስጠኝ ብዬሃለሁ!" የሚል ድምፅ መጣ።

"እታለም?"

እታለም ብሎ የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው።

"ሰይዴ! አልሞትክም?"

"አንቺ ነሽ እንጂ የሞትሽው!" አለኝ። "ድንኳን ጥለን ተቀምጠናል!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ዐይኑን ሸፍኖ በጀርባው እንዲተኛ አዝዞት፣ እውነትም ተኝቶ ኖሯል። ያ አሕመድ "በመርከብ ሄዳለች" ያልኩትን መልእክት ዋጥ አድርጎ ይቆይና፣ የጎረቤት ልጅ ስልኩ ላይ በአሜሪካ ባሕር ማዕበል ተነሳ ብሎ መርከብ ሲገለባበጥ ሲያሳየው ነው ትዝ ያለው። ይደውላል፣ ዝግ ነው። በየቀኑ የምትደውል ሴት ስድስት ቀን ዝግ! ሸሁ "እስኪጣራ ቆዩ" ብለዋል። ሴቶቹ አልቆዩም።

"ሐኪሙ ምን አለህ?" አልኩት። "ማልቀስ ክልክል ነው አላለህም?"

"ብሎኛል።"

"አለቀስክ?"

"አለቀስኩ።"

"በየትኛው ዐይንህ?"

"በሁለቱም።"

ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ዐይኔን ጠረግሁ። እንዳልሰማ ሆኜ፣ "ምን አረዳችሁ?" አልኩት።

"በግ።"

"ስንት?"

"አንድ።"

"አንድ? ለኔ?"

"እታለም፣ ሬሳሽ እስኪገኝ ብለን ነው እንጂ..."

አሕመድ ቪዲዮ ከፈተልን። ወንድሜ በዚያ በተገፈፈው ዐይኑ ስልኩ ላይ ተደፍቶ አየኝ። ስንት ዓመት በጭጋግ ሲያየኝ ኖሮ፣ ዛሬ ነው የጠራሁለት። አየኝ፣ አየኝ፣ ዐይኑን ጠርጎ ደግሞ አየኝ።

"እታለም" አለኝ፣ "እንዲህ አርጅተሻል እንዴ?"

እኔ ለዚህ ሰውዬ ሁለት ቀን ወለል ላይ ተቀምጫለሁ! ልጆቼ ከሻንጣቸው ላይ ሲስቁ ሰማሁ። ይሳቁ እንግዲህ፤ እስከ ሚኒሶታ ድረስ ቃል አልተነፈስኳቸውም።

በመጨረሻ አሕመድ ጣልቃ ገባና፣ "አክስቴ፣ እንግዲህ ድንኳኑን እናንሳው?" አለኝ።

"ቆይ" አልኩት። "ከድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሰው አሳየኝ።"

ስልኩን እያዞረ አሳየኝ። ሁሉም ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ እጁን ያወዛውዛል። አንድ በአንድ አየሁ። እንደገና አዙር አልኩት፣ አዞረ።

"ሐሊማ የታለች?"

ሁሉም ወደ ሰይድ ዞረ። "እግሯን አሟት ነው፣ ነገ ትመጣለች ብለዋል" አለኝ ሰይድ ቀስ ብሎ።

እግሯን! ሁለት በር! እኔ ውቅያኖስ አቋርጬ ነው ባሏን ያለቀስኩላት!

"አሕመድ፣ ስማኝ" አልኩት። "ሐሊማ መጥታ ሳታለቅስልኝ ያንን ድንኳን የሚነካ ሰው ከኔ ጋር ይተያያል።"